ነጭ ስኒከር ታጥቦ ለምን ቢጫ ያወጣል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ነጭ የሸራ ስኒከሬን በኦሞ ዘፍዝፌ፣ በረኪና ጨምሬ አጠብኩት። እርጥብ ሳለ ንጹሕ ነበር፤ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ግን ጠርዝ ጠርዙን ቢጫ አወጣ። ደግሜ ባጥበውም ባሰበት። ምክንያቱ ምንድን ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ቢጫው አብዛኛውን ጊዜ ያልለቀቀ እድፍ ሳይሆን ጨርቁ ውስጥ የቀረ ሳሙና ነው። ጫማ እንደ ሸሚዝ ተጨምቆ አይለቀለቅም፤ ሸራው ወፍራም ነው፣ ከሥሩም ገበርና ስፖንጅ አለ። ፀሐይ ከላይ ስታደርቀው ውስጥ ያለው ውሃ ሳሙናውንና አቧራውን ይዞ ወደ ላይ ይሳባል። ውሃው ይተናል፣ የያዘው ነገር እዚያው ይቀራል። ስፌቱና ሶሉ የተለጠፈበት ዙሪያ መጨረሻ ስለሚደርቅ ቢጫው የሚጠራቀመው እዚያ ነው። በሳሙና ደግመው ሲያጥቡት የባሰበትም ለዚሁ ነው።

በረኪናውም የራሱ ድርሻ አለው። ጥጥ ያነጣል፤ ፖሊስተርንና ናይለንን ግን ቢጫ ሊያደርግ ይችላል፣ ጎማውንም ያደርቃል። ስኒከር ላይ ባይነካ ይመረጣል።

አሁን ሳሙና የሚባል ሳይጨምሩ፣ ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ሞልተው ጫማውን 15 ደቂቃ ይንከሩት። በእጅዎ ጫን ለቀቅ እያደረጉ፣ አረፋ መስጠት እስኪያቆም ድረስ ውሃውን ይቀያይሩ። 4 ወይም 5 ጊዜ ቢፈጅ አይሰልቹ፤ ዋናው ሥራ ይሄ ነው። የበረኪና ሽታ ፈጽሞ ከጠፋ በኋላ፣ በ1 ሊትር ውሃ 2 የሾርባ ማንኪያ ነጭ አቼቶ ጨምረው 10 ደቂቃ ይዘፍዝፉትና እንደገና በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት። በረኪና ባለበት ግን አቼቶ አያስጠጉ! ሁለቱ ሲገናኙ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ከዚያ ጫማውን በነጭ ሶፍት 2 ወይም 3 ድርብ ጠቅልለው ጥላ ላይ ያድርቁ። የሚሳበው ነገር ሸራው ላይ በመቅረት ፈንታ ሶፍቱ ላይ ያርፋል፤ ሲላቀቅ ቢጫውን እዚያ ያዩታል። በረኪና ያቃጠለው የፖሊስተር ክር ግን ወደ ነጭነቱ አይመለስም።

ለወደፊቱ የማሰሪያ ክሩንና የውስጥ ሶሉን አውጥተው ለየብቻ ይጠቡ። ጭቃው ደርቆ በብሩሽ ይራገፍ፤ እርጥቡን ማሸት ወደ ሸራው ማስገባት ነው። በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ላርጎ ይበቃል። ቆሻሻው ውሃ የጸዳውን ሸራ እንዳያበላሽ ሶሉን አስቀድመው ይፈትጉት፣ ሸራውን በኋላ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ።

ጥያቄ፦ ክረምት ላይ ጫማ 3 ቀን ሙሉ ሳይደርቅ ይቆይና ይሸታል። ከሰል ምድጃ ወይም የጋለ ምጣድ አጠገብ ባደርገውስ? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ አያድርጉት። ማስቲሹ በሙቀት ይላላል፣ የስፖንጅ ሶል ይኮማተራል፤ የከሰሉ ጭስ ደግሞ በዝግ ቤት ሰው ይገድላል።

ሽታው የባክቴሪያ ነው፤ ባክቴሪያ ደግሞ እርጥበት ይወዳል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ይሽቀዳደሙ። ጫማውን በደረቅ ፎጣ ጠቅልለው በጉልበትዎ ይጫኑት። ውስጡን በተጨማደደ ጋዜጣ ሞልተው፣ ለ2 ሰዓት ያህል በየ30 ደቂቃው ይቀይሩ፤ የራሰ ጋዜጣ ትቶ መተኛት እርጥበቱን ማኖር ነው። ለነጭ ጫማ ሶፍት ይሻላል፣ የጋዜጣ ቀለም ይለቃል። ምላሱን ወደ ውጭ ጎትተው፣ ጫማውን በጎኑ አጋድመው፣ ካለዎት ቬንትሌተር ይልቀቁበት። ደረቀ የሚባለው ጣትዎን እስከ ጫፉ ሰደው ቅዝቃዜ ሲያጡ ነው።

ጥያቄ፦ ማጠቢያና ማድረቂያ ማሽን ውስጥስ? (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ ሸራና መረብ መሳይ ጨርቅ ከሆነ ማጠቢያው ይሆናል፦ በመረብ ከረጢት፣ ከ2 አሮጌ ፎጣዎች ጋር፣ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባልበለጠ ውሃ፣ በፈሳሽ ሳሙና፣ በዝግተኛ ዙር። ማድረቂያው አይሆንም፤ ምክንያቱ ከላይ ያልነው ሙቀት ነው። ቆዳና ካሞሽ ጭራሽ ማሽን አይግቡ።

ጥያቄ፦ ካሞሽ ስኒከሬ ላይ ዝናብ ነጠብጣብ ተወ። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ እርጥቡን አይሹት። በራሱ ጥላ ላይ ይድረቅ፤ ከዚያ ጸጉሩን በደረቅ ብሩሽ ወደ አንድ አቅጣጫ ያበጥሩት። የቀረውን ምልክት በነጭ ላጲስ ቀስ ብለው ይፈግፍጉት። ባለቀለም ላጲስ ቀለሙን ስለሚተው አይጠቀሙ።