መልስ፦ የራቭ ፎር የኋላ ጩኸትና መንገጫገጭ

ወንድሜ፣ የ1998 ሞዴል ቶዮታ ራቭ ፎር መኪናህን ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን ስትነዳ ከኋላ «ኡኡኡ» እንደሚል፣ መሪ አጥብቀህ ስትጠመዝዝ ደግሞ ፍሬን እንደተያዘ መኪና እንደሚንገጫገጭ ጽፈሃል። ዲፈረንሻል (የሞተሩን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው የማርሽ ክፍል) ይቀየር ያሉህን ለጊዜው አትስማቸው፤ ሁለቱ ችግሮች የተለያዩ ይመስሉኛል።

መጀመሪያ ኡኡታው። ሉማሜ አካባቢ ጭር ያለ ቀጥተኛ አስፋልት ስታገኝ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ እየነዳህ መሪውን በቀስታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አወዛውዝ። ወደ ቀኝ ስትል የሚብስ ከሆነ ክብደቱ የሚያርፈው በግራ ጎማ ላይ ነውና የግራውን ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበትን ባለ ኳስ ቀለበት) ጠርጥር። ነዳጅ ስትሰጥና እግርህን ስታነሳ ድምፁ የሚለዋወጥ ከሆነ ግን የዲፈረንሻሉን ዘይት አስወርደህ የብረት ብናኝ ፈልግ።

መንገጫገጩን በተመለከተ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ በቅርቡ ሁለት ጎማ ብቻ ቀይረሃል? ይህ መኪና አራቱንም ጎማ ሁልጊዜ ስለሚያሽከረክር አዲስና ያለቀ ጎማ ከተቀላቀለ አዟዟራቸው ስለሚለያይ በፊትና በኋላ ጎማዎች መሀል ያለው ኃይል አከፋፋይ ያለ ዕረፍት ይታገላል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ይይዛል። እኔ ቡሬ ሳለሁ ሁለት ጎማ ብቻ በመቀየር ቁጠባዬ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) እስከማስወረድ ደርሻለሁ። የመሀል ዲፈረንሻል መቆለፊያ (የፊትና የኋላ ጎማዎችን በአንድነት የሚያስር) ቁልፍ ካለህም አለመጫኑን እይ።

ጋራዥ ውስጥ የኋላውን ብቻ በክሪክ አንስተው ማርሽ ሊያስገቡ ሲሉ አስቁማቸው። የፊቱ መሬት ይዞ ስለሚገፋ መኪናው ከክሪኩ ዘሎ ሊወርድ ይችላል፤ አራቱም ጎማ ይነሳ።