ለኬፕ ራዝ ተጓዡ፦ ገደሉን ተወው፣ ማጡን ፍራ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው፦ ሜይ መጨረሻ ላይ ከጓደኛህ ጋር ሰሜን ስኮትላንድ ውስጥ ከብሌርሞር ተነስታችሁ ሳንድዉድ ቤይ የሚባለው ባህር ዳርቻ ልታድሩ፣ በሁለተኛው ቀን የሰሜን ምዕራቡ ጫፍ ኬፕ ራዝ ልትደርሱ፣ በማግስቱ የፎርሲናርድን ረግረግ አይታችሁ በዚያው ምሽት ከኢንቨርነስ በሌሊቱ ባቡር ወደ ለንደን ልትመለሱ ነው። «ሲሜንን ስለወጣን አቅም አያሳስበንም፣ ምን ዓይነት ጫማ ይሻላል?» ብለሃል።

ጫማው የመጨረሻው ጭንቀትህ ይሁን። እኔን ያስፈራችኝ «በማግስቱ» የምትለዋ ቃል ናት። የባቡር ትኬቱን ገና ካልቆረጥክ አትቁረጥ፤ ከቆረጥክም ቀኑ የሚቀየር መሆኑን አሁኑኑ አጣራ። ምክንያቱን በቁጥር ላስቀምጥልህ።

1. ተኩስ። ኬፕ ራዝ የብሪታንያ ጦር መተኮሻ ሜዳ ነው። መርከብና አውሮፕላን እውነተኛ ጥይትና ቦምብ ይለማመዱበታል። ከሳንድዉድ ወደ ሰሜን ስትሄድ የመከላከያው አጥር መንገድህን ያቋርጣል፤ ቀን ቀይ ባንዲራ፣ ማታ ቀይ መብራት ካየህ አትሻገርም፣ አለቀ። የተኩሱ ቀንና ሰዓት ቀድሞ ይለጠፋል፤ ከመነሳትህ ሳምንት በፊት አንዴ፣ በዋዜማው ደግሞ አንዴ አይተህ ፎቶ አንሳው፣ ሳንድዉድ ላይ ስልክ አይሠራምና። ደውዬ እጠይቃለሁ ካልክም ትዕግሥት ያዝ። «ተለጥፏል እኮ» ብሎ ጆሮህ ላይ የሚዘጋ ሰው ሊገጥምህ ይችላል፤ አትቀየም፣ ሌላ ሰዓት መልሰህ ደውል። ሜዳው ውስጥ መሬት ላይ ያገኘኸውን ብረት ለማስታወሻ ብለህ እንዳታነሳ።

2. ጀልባ። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያቃጥለው እዚህ ላይ ነው። ኬፕ ራዝ ላይ ካለው የመርከብ መብራት ማማ እስከ ካይል ኦፍ ደርነስ (ወደ የብስ የገባ ጠባብ ባህር ነው) ዳርቻ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ጠባብ መንገድ አለ። በበጋው ወራት ሚኒባስ ይመላለስበታል፣ ከዚያም ሰው ብቻ የምትጭን ትንሽ ጀልባ ማዶ ወዳለው ኪዮልዴል ታሻግርሃለች። ነፋስ ከበረታ ጀልባዋ አትወጣም፤ ተኩስ ካለ ሚኒባሱ አይሄድም። ጀልባዋ ከሌለች ማዶ የደርነስን መንደር አቅጣጫ እያየህ ቆመህ ትቀራለህ። ባህሩ ሲጎድል አሸዋው ሰፊና ደረቅ መስሎ ስለሚታይ በእግር ለመሻገር ያምራል፤ በፍጹም አትሞክረው፣ መሃሉ ላይ ጅረት አለው፣ ሙላቱም ሳይታወቅህ ይመለሳል። ስለዚህ ለሁለት ሰው የአንድ ሙሉ ቀን ተጨማሪ ምግብ፣ ተጨማሪ የጋዝ ቆርቆሮ፣ ካርድ ማንበቢያ ባይሠራ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ጀልባዋ ከቀረች የምታውቁት መውጫ በመጣችሁበት መመለስ ነው።

3. ሰዓት። ከብሌርሞር እስከ ሳንድዉድ 6.5 ኪሎ ሜትር ደህና መንገድ ነው፣ ከሁለት ሰዓት አይበልጥም። ይህ ቅልጥፍና ነው ሰውን የሚያታልለው። ከሳንድዉድ እስከ መብራት ማማው 13 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር ብሎ ሁለት ሰዓት ተኩል ይላል ሰው። መንገድ ግን የለም። በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ብለህ አስላ፤ ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ከዕረፍትና ከወንዝ ጋር ስምንት። የመጨረሻውን ሚኒባስ ሰዓት ጠይቀህ ከዚያ ወደ ኋላ ቆጥረህ ተነስ። እዚያ በሜይ መጨረሻ ብርሃኑ ከ17 ሰዓት በላይ ስለሚቆይ ንጋት ላይ መነሳት አያቅትህም።

ለምን በሰዓት ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ? ሲሜን የወጣ ሰው የማይገባው ይህ ነው። እኛ ደገኞች ገደል አያስደነግጠንም፤ እዚያ ያለው ትልቁ የባህር ገደል ክሎ ሞር 281 ሜትር ነው፣ ሲሜን ላይ ዞር ብለህ እንኳ አታየውም። ሲሜን ላይ ግን ከ4,000 ሜትር በላይ ስትወጣ የሚያደክምህ አየሩ ነው፣ መሬቱ ይሸከምሃል፤ ስካውቱ (የፓርኩ አጃቢ ጠባቂ) ከፊት፣ በቅሎዋ ከኋላ አለች። እዚህ ስካውትም በቅሎም የለም፣ መሬቱም ግማሹ ውሃ ነው። ፒት የሚሉት ጥቁር አፈር ሳይበሰብስ ለሺህ ዓመታት የተከማቸ ተክል ነው፤ ከላዩ ስፋግነም የሚባል ስፖንጅ መሰል ተክል ከደረቅ ክብደቱ ብዙ እጥፍ ውሃ ይዞ ይተኛል። «ከድጡ ወደ ማጡ» የምንለው ተረት እዚህ ቃል በቃል የመንገድ መግለጫ ነው።

መሬቱን በቀለሙ አንብበው። ሄዘር (የሲሜኑ አስታ ዘመድ ነው) የበቀለበት ጉብታ ይሸከማል። ነጭ ጥጥ የሚያወዛውዘው ሳር በበዛበት እርጥብ ነው፣ ቁርጭምጭሚት ያሰጥማል። እንደ ምንጣፍ የተስተካከለ፣ ደማቅ አረንጓዴና ያማረ ቦታ ካየህ ዙረው፣ ከሥሩ ውሃ ነው። ራቁቱን የቀረው ጥቁር ፒት ደግሞ በድርቅ ቅርፊት ይሠራል፣ በዝናብ ሳሙና ይሆናል። አንዳንዴ ፒቱ ተሸርሽሮ የሰው ቁመት የሚያህል ቦይ ይሠራል፤ አንዱን ወርደህ ሌላውን ስትወጣ አቅጣጫ ይጠፋሃል፣ ስለዚህ ሩቅ ምልክት ይዘህ በኮምፓስ ተጓዝ። ረግጠህ ከማመንህ በፊት በዱላህ ውጋው። እግርህ ከሰጠመ ወደ ፊት አትታገል፦ ቦርሳህን አውልቅ፣ ዱላውን ጋድም አድርገህ ተደገፈው፣ ወደ ኋላ ጋለል ብለህ እግርህን እያወዛወዝክ ቀስ ብለህ አውጣ። ፈጥነህ ከሳብከው ጫማው እዚያው ይቀራል።

ወንዞቹም የዚሁ ፒት ልጆች ናቸው። መሬቱ ጠጥቶ ስለጠገበ የዘነበው ሁሉ ወዲያው ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ጠዋት ከጉልበት በታች የነበረው ቀትር ላይ ወገብ ይደርሳል። ደግነቱ ዝናቡ ሲቆም በሰዓታት ውስጥ መልሶ ይጎድላል፣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ሽንፈት አይደለም። ከሳንድዉድ ሀይቅ የሚወጣውን ውሃ ገና ባህር ዳርቻው ላይ ትሻገራለህ፣ ቀጥሎ ስትራዝ ሃሌክ፣ ከዚያ ኬስጌግ አሉ። የቦርሳህን የወገብና የደረት ማሰሪያ ፍታ፣ ካልሲ አውልቀህ ጫማውን ግን አድርግ፣ ፊትህን ወደ ውሃው መምጫ አዙረህ በዱላ ሦስተኛ እግር ሠርተህ ወደ ጎን ተራመድ። ከጉልበት በላይ ከሆነ ወደ ላይ ወጥተህ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልግ። ስትራዝ ሃሌክ ዳር ክፍት የእረኛ ቤት አለ፤ ቦቲ ይሉታል፣ ነፃ ነው። አንድ ሰው ከአካባቢው ፒት እየቆፈረ እያነደደ ከ30 ዓመት ያላነሰ ብቻውን ኖሮበታል፣ ግድግዳው ላይ የሳላቸው ሥዕሎች አሁንም አሉ። ዝናብ ከያዛችሁ እዚያ እደሩ።

አሁን ጫማህ። ሻጩ ውሃ አያስገባም የሚባለውን ውድ የጎሬቴክስ ጫማ ሊሸጥልህ ይሞክራል። ረግረግ ግን የሚገባው ከላይ ነው፣ የገባውን ውሃ ጎሬቴክሱ አያስወጣልህም። ቶሎ የሚደርቅ ቀለል ያለ ጫማ፣ እስከ ጉልበት የባት መሸፈኛ፣ ሦስት ጥንድ የሱፍ ካልሲ፤ አንዱ ለመኝታ ብቻ፣ ቢርድህም ቀን አታድርገው። ቦርሳህ ውስጥ ወፍራም የፍርስራሽ መጣያ ፕላስቲክ አግባ፣ የቦርሳ ልብሱን ነፋስ ይወስደዋል። ቀጭን የድንኳን ካስማ ፒት ውስጥ ቅቤ እንደወጋህ ነው፣ ሰፊና ከ20 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ያዝ። ካርታው የኦርድናንስ ሰርቬይ ኤክስፕሎረር 446 ነው፤ በወረቀት ያዘው። ውሃው የሻይ ቀለም አለው፣ ቀለሙ ከፒቱ ነው፣ ቢሆንም አፍልተህ ወይም አጣርተህ ጠጣ። ከመሄድህ በፊት ስልክህን ለ999 (የአደጋ ጊዜ ጥሪ ቁጥሩ ነው) የጽሑፍ መልእክት አገልግሎት አስመዝግብ፣ ድምፅ በማያልፍበት ቦታ መልእክት ሊያልፍ ይችላል።

እሳት አታንድድ። ፒት ራሱ ማገዶ ነው፣ ከላይ አጠፋሁት ስትል ከሥር ይጓዛል። ጸደዩ ደግሞ ያለፈው ዓመት ሳር የሚደርቅበት ወቅት ነው፤ በ2019 ሜይ ላይ በዚያው በሰሜኑ ረግረግ የተነሳ እሳት ለቀናት ነዷል።

ፎርሲናርድን በማግስቱ በአውቶቡስ አትደርስበትም። ከደርነስ በታንግና በሜልቪች ዞሮ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ አብዛኛው አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ መንገድ፤ ለመተላለፊያ የተሠሩት ቦታዎች ላይ መኪና አታቁም። መኪና ከሌላችሁ ወደ ሌርግ ተመልሳችሁ ባቡር ያዙ፣ ፎርሲናርድ ጣቢያው ረግረጉ አፍ ላይ ነው። ባቡሩ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚያልፍ እዚያ ግማሽ ቀን መድቡ። ፍሎው ካንትሪ የሚባለው ይህ ረግረግ በ2024 የዩኔስኮ ዓለም ቅርስ ሆኗል። በየቦታው ለምን የዛፍ ጉቶ እንዳለ ትጠይቅ ይሆናል፤ በ1980ዎቹ በግብር ቅናሽ ምክንያት ባለሀብቶች ረግረጉን በቦይ አድርቀው ዛፍ ተክለውበት ነበር፣ ቅናሹ በ1988 ቀረ፣ አሁን ዛፉ እየተቆረጠ ቦዩም እየተደፈነ ነው። ለመራመጃ ከተዘረጋው ጣውላና ድንጋይ ንጣፍ አትውረድ፣ ሜይ ወፎቹ መሬት ላይ እንቁላል ታቅፈው የሚቀመጡበት ወር ነው።

ማታ ባቡሩ ላይ ከመተኛታችሁ በፊት ብብት፣ ብሽሽት፣ ከጉልበት ጀርባ መዥገር ፈትሹ። እንደ አገር ቤቱ ቅቤ ወይም ላምባ አትቀቡት። በመንቀያ ከቆዳው ጠጋ ብሎ ይዞ ሳይጨፈልቁ ማውጣት ነው። በቀጣዮቹ ሳምንታት ቦታው ላይ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ከወጣ መዥገር ያመጣው በሽታ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪምህ «ስኮትላንድ ረግረግ ውስጥ ነበርኩ» በለው።