ከታተመ በኋላ ስለሚታረም መጽሐፍ

ውድ ወጣት ጸሐፍት፣

ሰሞኑን የመጀመሪያ መጽሐፉን ያለ አሳታሚ፣ በትዕዛዝ ኅትመት፣ ማለትም ገዢ ሲያዝ ብቻ ቅጂ በሚታተምበት አሠራር፣ አማካይነት በራሱ ሊያወጣ የተዘጋጀ አንድ ወጣት «መጽሐፉን ለሽያጭ ከለቀቅሁት በኋላ ስሕተት ባገኝበት ፋይሉን መተካት እችላለሁ ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሱ አጭር ነው፤ ይቻላል። አማዞን ለግለሰብ ደራሲዎች ባዘጋጀው የኅትመት አገልግሎት በኬዲፒም ሆነ በሌሎቹ የታረመውን ፒዲኤፍ ትጭናላችሁ፣ ይመረመራል፣ ከዚያ በኋላ የሚታዘዘው ቅጂ ሁሉ ከአዲሱ ፋይል ይታተማል። ይህንኑ ነገርሁት፤ እሱም ደስ ብሎት ሄደ። እኔን ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም፤ ይህንኑ ጥያቄ ጠይቀው «አይቻልም» የሚል መልስ ብቻ ያገኙ አንድ ሰው አውቅ ነበርና።

በወጣትነቴ በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ነበርሁ። በጡረታ የተገለሉ አንድ የሒሳብ መምህር በማስተማር ዘመናቸው ያጠራቀሟቸውን መልመጃዎች ከነመልሶቻቸው በመጽሐፍ ሊያወጡ ወደ እኛ መጡ። በዚያን ጊዜ የነበረው የኦፍሴት ኅትመት ነው። ለገጾቹ የብረት ፕሌት ይዘጋጃል፣ ማሽኑ ቀለሙ እስኪስተካከል ድረስ ብዙ ወረቀት ያበላሻል፤ ይህ ወጪ ደግሞ አንድ ቅጂም ታተመ አንድ ሺህ ያው ነው። ስለዚህ ማተሚያ ቤቶች ከተወሰነ ቁጥር በታች አይቀበሉም፣ ደራሲውም የአንዱ ቅጂ ዋጋ እንዲቀንስለት ሲል ሊሸጥ ከሚችለው በላይ ያዛል። መምህሩ ቆጥበው ያቆዩትን ገንዘብ ከፍለው አሳተሙ፤ መጻሕፍቱም በጥቅል በጥቅል ታስረው ቤታቸው ገቡ።

ስሕተቱን ያገኘው አንድ ተማሪ ነው። ከመልሶቹ በአንዱ ላይ የመቀነስ ምልክት ጠፍቷል። በልቦለድ ውስጥ አንድ ፊደል ቢዘለል አንባቢ በልቡ አርሞ ያልፋል፤ በሒሳብ መልመጃ ግን የጠፋች አንዲት ሰረዝ በትክክል የሠራውን ልጅ «ተሳስተሃል» ትለዋለች። ነገሩ መምህሩን እንቅልፍ ነሳቸው። ትንሽ የእርማት ወረቀት አሳትመው፣ ጥቅሎቹን ፈትተው፣ በየመጽሐፉ ውስጥ በእጃቸው አስገቡ። ያን እንደ ጨረሱ ሌላ ስሕተት ተገኘ፣ ከዚያም ሌላ። በመጨረሻ የእርማት ወረቀት ማሳተሙን ትተው አንዱን ቅጂ ለይተው ያገኙትን ሁሉ በቀይ እስክሪፕቶ በኅዳጉ ላይ ይጽፉበት ጀመር። የሚጽፉት እርማት ብቻም አልነበረም። አጭር የአሠራር መንገድ ሲያገኙ፣ ተማሪዎች ዘወትር የሚሰናከሉበትን ቦታ ሲያስተውሉ ያንንም ይጨምሩበታል፤ ቦታ ሲያጥራቸው ወረቀት ቆርጠው በመካከል ይለጥፉበታል። አብጦ አልዘጋ ያለውን ያን መጽሐፍ በብብታቸው ይዘው አልፎ አልፎ ብቅ ይሉና «ሁለተኛው እትም መቼ ይሆናል?» ይሉኝ ነበር። እኔም «የመጀመሪያው ሲያልቅ ነዋ፣ መምህር» እላቸዋለሁ። ሥራ ሲበዛብኝ ደግሞ ቀና ብዬ እንኳ ሳላያቸው የመለስሁላቸው ቀን አለ።

የመጀመሪያው እትም ሳያልቅ መምህሩ ዐረፉ።

ዜሮክስ ዶኩቴክ የተባለውን ማሽን እ.ኤ.አ. በ1990 አውጥቶ ነበር፤ ያለ ፕሌት፣ ከዲጂታል ፋይል ገጽ የሚያትም ማሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ኢንግራም የተባለው የመጻሕፍት አከፋፋይ በዚህ ዓይነት ቴክኖሎጂ አንድ ቅጂ ሲታዘዝ አንድ ቅጂ የሚያትም ድርጅት አቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ሉሉ የተባለው የትዕዛዝ ኅትመት ድርጅት ለግለሰብ ደራሲዎች በሩን ከፈተ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። እኔ ይህን ዘግይቼ ነው የተረዳሁት። በተረዳሁ ጊዜ ያሰብሁት ስለ ራሴ ጽሑፎች አልነበረም፤ ያ በቀይ የተሞላ ቅጂ ነው ትዝ ያለኝ። ልጆቻቸውን አፈላልጌ ጠየቅሁ። ቤቱ ሲለቀቅ ከአሮጌ ወረቀት ጋር ሳይወጣ አልቀረም አሉኝ። ያ ቅጂ እኮ ጠረጴዛዬ ላይ አድሮ ያውቃል፤ የፎቶ ኮፒ ማሽኑም ከጎኔ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እንግዲህ የዛሬ ወጣቶች «ችግር የለም፣ በኋላ እናርመዋለን» ሲሉ ስሰማ ደሜ ቢፈላ አትፍረዱብኝ። አንዳንዶቻችሁ ረቂቁን ለገዢ ሸጣችሁ፣ ገዢው በአስተያየቱ ስሕተታችሁን ሲለቅምላችሁ ፋይሉን ትተካላችሁ። ገንዘቡን ከፍሎ ያረመላችሁ ሰው እጅ ላይ የቀረው መጽሐፍ ግን እንደ ተሳሳተ ይኖራል፤ የሚተካው ፋይሉ እንጂ የተሸጠው ቅጂ አይደለም። ስለዚህ መተካት እንደማይቻል አድርጋችሁ ሥሩ። የማሳያ ቅጂ በወረቀት እዘዙ። ኬዲፒ የሚልከው ማሳያ በሽፋኑ ላይ ለሽያጭ እንዳልሆነ የሚገልጽ መስመር ታትሞበት ይመጣል፤ ርካሽ ነው፣ ዋናውንም መጽሐፍ ይመስላል። እስክሪፕቶ ይዛችሁ ከመጨረሻው ገጽ ወደ ፊት እየመጣችሁ አንብቡት። በስክሪን ላይ መቶ ጊዜ ያለፋችሁት ስሕተት በወረቀት ላይ ይታያችኋል። ሌላ ሰው እንዲያነብላችሁ ማድረግ ያለባችሁ መሆኑን አልነግራችሁም።

ይህን ካልሁ በኋላ ተቃራኒውን ብናገር አትገረሙ፤ ከቸኳዩ ይልቅ የሚያናድደኝ መጽሐፉን ለዓመታት እያሻሸ የማይለቀው ነው። ለመምህሩ ያልተቻለው ለእናንተ ተችሏል። ከልባችሁ አርማችሁ ከጨረሳችሁ ልቀቁት፤ ከዚያ በኋላ የምታገኙትን ደግሞ ሳታፍሩ ተኩት። ብቻ ወሰኑን እወቁ። በኬዲፒ ከለቀቃችሁ በኋላ የወረቀቱን መጽሐፍ ርእስ፣ የደራሲውን ስምና አይኤስቢኤኑን (የመጽሐፉን ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር) መቀየር አትችሉም። የፊደል ግድፈት ማረም አዲስ ቁጥር አያስፈልገውም፤ ምዕራፍ ከጨመራችሁ ግን ያ አዲስ እትም ነው፣ የራሱ አይኤስቢኤን ሊኖረው ይገባል። አገልግሎቱ በነጻ የሚሰጣችሁ ቁጥር ደግሞ እዚያው ብቻ የሚሠራ ነው፤ መጽሐፉን ነገ የኢንግራም አገልግሎት በሆነው በኢንግራም ስፓርክም ላወጣው ካላችሁ በኬዲፒ በነጻ ያገኛችሁትን ይዛችሁ መሄድ አትችሉም።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም። በትዕዛዝ ኅትመት የአንዱ ቅጂ ወጪ በገጹ ብዛት ይወሰናል እንጂ ብዙ በማተም አይወርድም። የሚደርሳችሁ ድርሻ ለምሳሌ የሽያጩ 60 በመቶ ነው ሲባል የማተሚያው ወጪ የሚቀነሰው ከእናንተ 60 ላይ መሆኑን ልብ በሉ፤ ይህን ሳያሰሉ ዋጋ አውጥተው ከአንድ መጽሐፍ ምንም የማያገኙ አይቻለሁ። በመካከል አንድ ባለቀለም ፎቶግራፍ ብታስገቡም መጽሐፉ በሙሉ በቀለም ታሪፍ ይታሰባል፤ ፎቶው ለሽፋኑ ይሁን፣ ውስጡ ጥቁርና ነጭ ይቅር። ብዙ ቅጂ የሚወስድ ገዢ አስቀድማችሁ ካገኛችሁ ደግሞ የእኔ አሮጌ ኦፍሴት ዛሬም ይሻላችኋል።

ገጣሚያን በአንድ ነገር ይቆጡብኛል፤ ስማቸው በመጽሐፉ አከርካሪ፣ መደርደሪያ ላይ ሲቆም በሚታየው ጠባብ ጎን፣ ላይ ስላልተጻፈ። ኬዲፒ ከ79 ገጽ በታች በሆነ መጽሐፍ አከርካሪ ላይ ጽሑፍ አያትምም፤ ቦታው ስለሚጠብብ ማሽኑ ትንሽ ሲያዛንፍ ፊደሉ ወደ ሽፋኑ ይዞራል። ለዚህ ሲል ባዶ ገጽ የደረደረ ገጣሚ አውቃለሁ። ግጥም ቢጨምር ይሻለው ነበር፤ ወይም ይተወው።

ፋይላችሁን ጠብቁ። ፒዲኤፉ ብቻ አይበቃም፤ ለማረም የሚያስፈልገው ገጹ የተቀነባበረበት ዋናው ሰነድ፣ የተጠቀማችሁባቸው ፎንቶችና የሽፋኑ ፋይል ናቸው፤ ሽፋኑን ሌላ ሰው ከሠራላችሁም ክፍያውን ከመጨረሳችሁ በፊት ዋናውን ፋይል ተቀበሉት። እነዚህን ከአንድ ኮምፒውተር በላይ አስቀምጡ። ለምታምኑት ሰውም የት እንዳሉና መጽሐፉ በየትኛው ኢሜይል እንደ ተመዘገበ ጽፋችሁ ስጡ፤ መለያው የሚከፈተው በስልካችሁ በሚመጣ ኮድ ከሆነ ደግሞ ያንንም አብራችሁ መላ በሉት።