4 ቋሚ ይበቃኛል ወይ ላልከው ወንድሜ

ሀይቅ ከተማ፣ ተዳፋት ቦታ ላይ ካለው ቤትህ ፊት የእንጨት በረንዳ ልታወጣ ነው፤ «4 ቋሚ ይበቃኛል?» ብለሃል። እኔም ደሴ ላይ አናጢዬን ይችኑ ጠይቄው «እንዴታ!» አለኝ። አመንኩት፣ በ4 ቋሚ አሠራሁት። አንተ ግን ቁጥሩን ለጊዜው ተወው።

1. አግዳሚው ቋሚው አናት ላይ ይቀመጥ፣ ጎኑ ላይ በሚስማር አይለጠፍ። የኔው ሰውዬ በአራት አራት ሚስማር ጎን ጎኑን መትቶልኝ ሄደ። አንድ ክረምት ቻለ። በሁለተኛው ዓመት ለመውሊድ 14 ሰው ተቀምጦ፣ ቶናው እየተቀዳ፣ ረከቦቱ ቀስ እያለ ወደ ገደሉ በኩል መንሸራተት ያዘ። ሰው አልተጎዳም፣ አልሐምዱሊላህ። ጠዋት ከስር ገብቼ ሳይ ሚስማሮቹ እንደ መንጠቆ ጎብጠዋል። ያን ሁሉ ሰው ተሸክመው የነበሩት እነሱ ናቸው እኮ! ባህር ዛፉም እርጥቡን ተገዝቶ ነበር፤ ሲደርቅ ተሰንጥቆ ሚስማሩን ለቆታል። አሁን የቋሚውን አናት አስጠርቤ አግዳሚውን አስቀመጥኩበትና በሁለት ሁለት ቡሎን አሰርኩት።

2. ቋሚ አፈር ውስጥ አትቅበር። የተቃጠለ ዘይት ቀብተነው ነበር፣ ወላሂ። እዚያው ከስር ሆኜ አፈሩ ጋ የሚገናኝበትን በካቻቢቴ ብወጋው እንደ ሙዝ ገባ። ዋልካ ደግሞ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ቋሚውን ይንጠዋል። ጠንካራው መሬት እስኪገኝ አስቆፍር፤ ኮንክሪቱን ከመሬት አንድ ስንዝር አውጣው፤ ብረት ቅበርበትና ቋሚውን እሱ ላይ እሰር።

3. የግንባታ ፈቃድ። ኤጭ! ቢሮ 4 ቀን አመላለሱኝ። አንዷ ሠራተኛ ወረቀቴን ሳትገልጠው «በረንዳ ነው ሰገነት?» አለችኝ። እንጨት ነው ስላት «እንጨት የሚያየው ባለሙያ ስብሰባ ነው» ብላ ሻይዋን ቀጠለች። በረንዳው ሲያልቅም መጥቶ ያየው ሰው የለም። ቢያይልኝ ኖሮ ሁለቴ ባልከፈልኩ!

ቤትህ መቼም እንደኔው ጭቃ ነው። ግድግዳው ላይ እንዳታንጠለጥለው፣ በቤቱም በኩል የራሱን ቋሚ ስጠው። ወለሉን የሚሸከመውን 5 በ7 ሞራሌ (አራት ማዕዘን እንጨት) በሰፊው ጎኑ አታጋድመው፣ 7ቱ ወደ ላይ እንዲሆን በጠባቡ ጎኑ አቁመው፤ ላለመጉበጥ ወደ 2 እጥፍ ይበረታል። በየ40 ሳንቲሙ ደርድር። ተዳፋት ስለሆነ ቋሚና አግዳሚውን በሰያፍ እንጨት አያይዘው፣ አለዚያ ሰው በተራመደ ቁጥር ይወዛወዛል።

የኔው አሁን 6 ቋሚ አለው። ለዓረፋ 20 ሰው ተቀምጦበት ሲኒ አልተነቃነቀም። ደሴ ብቅ ካልክ ከስሩ ገብተህ እይ። ጨለማ ነው፣ ባትሪ ይዘህ ና።