ጃማይካ ለዕረፍት፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩላችሁ

ጃማይካ ለመሄድ ያሰባችሁ ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ከጠበቅኩት በላይ መጣ። ኪንግስተን ለሥራ ኖሬያለሁ። አሁንም ዘመድ ወዳጅ ወደዚያ ሲሄድ ፕሮግራሙን የማወጣው እኔ ነኝ። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል። አብዛኛው ሰው «የትኛው ሆቴል ይሻላል?» ይለኛል። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ማወቅ የምፈልገው ከማን ጋር እንደሚሄድ ነው። ደሴቲቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 235 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ካርታ ላይ ትንሽ ትመስላለች፤ መንገዱ ግን ጠመዝማዛና ተራራማ ነው። ለእናንተ የሚሆነውን ጎን ካልመረጣችሁ ዕረፍታችሁ መኪና ውስጥ ያልቃል።

ጥያቄ፦ ከዳላስ ነው የምንጽፈው። የ6 እና የ11 ዓመት ልጆች አሉን። አንድ ሳምንት አለን። የት እንረፍ?

መልስ፦ ሰሜኑ ዳርቻ ለእናንተ ነው። ሞንቴጎ ቤይ አውሮፕላን ማረፊያ ወርዳችሁ እስከ ኦቾ ሪዮስ ባለው መስመር ላይ ማረፊያ ያዙ። ባሕሩ ረጋ ያለ ነው፣ ልጆች የሚወዱትም ነገር ሁሉ እዚያው ተደርድሮ አለ።

ልጆቹ ዕድሜ ልካቸውን የማይረሱት ፋልማውዝ አጠገብ ያለውን የሚያበራውን ሐይቅ ነው። የማርታ ብሬ ወንዝ ከባሕር ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። ውኃው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን አሉ፤ ውኃው ሲነካካ ያበራሉ። ከመሸ በኋላ በጀልባ ትወጣላችሁ። እጃችሁን ስትነክሩ ሰማያዊ ብርሃን ጣታችሁን ይከተላል። ዓሣ ከጀልባው ሲሸሽ ሳይቀር የሄደበት መስመር ይታያል። ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት ምረጡ፤ ሙሉ ጨረቃ ከሆነች ግማሹን ደስታ ታጡታላችሁ።

በነጋታው ደንስ ሪቨር ፏፏቴ ሂዱ። እንደ ደረጃ በተደራረበ ድንጋይ ላይ እየፈሰሰ ባሕር የሚገባ ውኃ ነው። ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ከአስጎብኚ ጋር ከታች ወደ ላይ ይወጣዋል። ድንጋዩ ያዳልጣል፣ የውኃ ጫማ የግድ ነው። ትልልቅ የመንገደኛ መርከቦች ኦቾ ሪዮስ የሚቆሙበትን ቀን አስቀድማችሁ ጠይቁና በዚያ ቀን አትሂዱ። ከሄዳችሁም በሩ እንደተከፈተ ግቡ። አለበለዚያ የምታዩት ውኃ ሳይሆን የሰው ጀርባ ነው።

ጊዜ ከተረፋችሁ ግሪን ግሮቶ ዋሻን ጨምሩ። ትልቁ ልጅ ፍጥነት የሚወድ ከሆነ ደግሞ በሚስቲክ ማውንቴን በሐዲድ ላይ ጫካውን አቋርጦ የሚወርደው ቦብስሌድ አለ።

ጥያቄ፦ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ጉልበቴን ያመኛል። ልጆቼ እንሂድ ይሉኛል። እዚያ ሄጄ ምን እሠራለሁ? ደግሞ ጾመኛ ነኝ።

መልስ፦ ይሂዱ እማማ፣ አይቅሩ። ፏፏቴ መውጣት የለብዎትም። ማርታ ብሬ ወንዝ ላይ ከቀርከሃ የተሠራ ረጅም ታንኳ አለ። ሁለት ሰው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ቀዛፊው ፊት ቆሞ በረጅም እንጨት እየገፋ ይወስድዎታል። ከአንድ ሰዓት በላይ ጥላ ለጥላ ይሄዳሉ፣ ሞተር የለ፣ ጩኸት የለ። ሲሳፈሩና ሲወርዱ ብቻ የሚደግፍዎት ሰው ይኑር።

ስለ ጾሙ ደግሞ ሐሳብ አይግባዎት። ራስታዎች «አይታል» የሚሉት ምግብ አላቸው። ሥጋ የለበትም፣ ወተት የለበትም፣ ብዙዎቹም ጨው አይጨምሩበትም። አትክልቱ፣ ዱባው፣ ባቄላው በኮኮናት ወተት ይሠራል። በየከተማው አነስተኛ የአይታል ምግብ ቤት አይጠፋም። ከካሳቫ የሚጋገር ባሚ የሚባል ቂጣም አላቸው፣ እሱን ይሞክሩት።

ሌላ ቦታ ሲበሉ ግን ይጠይቁ። ሩዝና ባቄላው በኮኮናት ስለሚሠራ ብዙ ጊዜ ለጾም ይሆናል። ካላሉ የሚሉት ጎመን የሚመስል ቅጠል ግን ብዙ ጊዜ ከጨው ዓሣ ጋር ይሠራል። ሾርባውም አትክልት ብቻ መስሎ የአሳማ ጭራ ሊኖርበት ይችላል። «አይታል ነው?» ብለው ከጠየቁ ማንም ይገባዋል።

ሙስሊም ወገኖችም ይህንኑ ጠይቃችሁኝ ነበር። መልሴ ያው ነው፤ አይታል ቤት ገብታችሁ በሰላም ብሉ። ጀርክ የሚሉት በጢስ የሚበስል ሥጋ በሚሸጥበት ቤት ዶሮና አሳማ ጎን ለጎን እንደሚጠበሱ ግን እወቁ።

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያዊ መሆናችንን ስንናገር ራስታዎቹ እንዴት ይቀበሉናል? ስለ ጃንሆይ ምን ልንላቸው ይገባል?

መልስ፦ ይህን የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ፤ እኔም ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

«ከኢትዮጵያ ነኝ» ስትሉ የሰውየው ፊት ሲቀየር ታያላችሁ። ሥራውን አቁሞ ያናግራችኋል። ስለ ሻሸመኔ ይጠይቃችኋል፣ ስለ ላሊበላ ይጠይቃችኋል። አገራችሁን ካነበበው መጽሐፍ ቅዱስ ስለሚያውቃት አንዳንዴ ጥያቄው ከባድ ነው። የምታውቁትን መልሱ፣ የማታውቁትን አላውቅም በሉ።

ኤፕሪል 21 ቀን 1966 ጃንሆይ ኪንግስተን ሲያርፉ ሕዝቡ ጥበቃውን ጥሶ አውሮፕላኑን ከበበው። ንጉሠ ነገሥቱ መውረድ አልቻሉም። ሞርቲመር ፕላኖ የተባለ የራስታ ሽማግሌ ደረጃውን ወጥቶ ሕዝቡን ካረጋጋ በኋላ ነው የወረዱት። ራስታዎች ቀኑን እስከ ዛሬ ያከብሩታል። ያን ዕለት እዚያ የነበሩ አረጋውያን አሁንም አሉ። ካገኛችኋቸው ቁጭ ብላችሁ ስሙ።

ስለ ጃንሆይ ክርክር አትግጠሙ። እኛ ቤት ንጉሡ የፖለቲካ ወሬ ናቸው፤ እነሱ ቤት እምነት ናቸው። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊትም አስፈቅዱ። እነዚህ ሰዎች በገዛ አገራቸው ብዙ ተንገላተዋል። በ1963 ሞንቴጎ ቤይ አጠገብ ኮራል ጋርደንስ ላይ በተነሳው ግጭት ብዙ ራስታዎች ታስረው ተደብድበዋል። መንግሥት በጠቅላይ ሚኒስትር አንድሩ ሆልነስ አንደበት ይቅርታ የጠየቃቸው በ2017 ነው።

የት ልታገኟቸው ትችላላችሁ? ከሞንቴጎ ቤይ ወጣ ብሎ ራስተፋሪ ኢንዲጂነስ ቪሌጅ አለ። አስቀድማችሁ ቀጠሮ ያዙ። ከበሮውን ትሰማላችሁ፣ የመድኃኒት ተክሉን ያሳዩአችኋል፣ አይታል ያበሏችኋል።

ኪንግስተን ከሆናችሁ ደግሞ እሑድ ጠዋት ነጠላችሁን ይዛችሁ ማክስፊልድ አቬኑ ወደሚገኘው ቅድስት ሥላሴ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሂዱ። ቤተ ክርስቲያናችን ጃማይካ ላይ በይፋ የተተከለችው በ1970 አባ ላዕከ ማርያም ማንደፍሮ፣ በኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት አባት፣ በሄዱ ጊዜ ነው። ምእመናኑ አብዛኞቹ ጃማይካውያን ናቸው። እዚያ ተወልዶ ያደገ ሰው በግእዝ ሲቀድስ መስማት ምን እንደሚያደርግ ሄዳችሁ ታዩታላችሁ። ቦብ ማርሌይም በ1980 ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተብሏል፤ በ1981 ሲያርፍ የተሸኘው በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ነው።

ጥያቄ፦ እንግዲያው የቦብን ቤት ለማየት የቱ ይሻላል፣ ኪንግስተን ወይስ ናይን ማይል?

መልስ፦ አንዱን ብቻ ከሆነ ኪንግስተን፣ ሆፕ ሮድ 56። የኖረበት ቤት ነው፣ በ1976 በተተኮሰበት ጊዜ የቀሩት የጥይት ምልክቶችም ግድግዳው ላይ አሉ። ናይን ማይል የተወለደበትና የተቀበረበት የገጠር መንደር ነው። መንገዱ አድካሚ ነው፣ በሩ ላይ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰውም ይበዛል። ለእኔ ግን ከሁለቱም ይልቅ ልብ የሚነካው ትሬንች ታውን ከልቸር ያርድ ነው። ሬጌ ያደገበት ግቢ ስለሆነ እዚያ የሰፈሩ ልጆች ራሳቸው ያስጎበኛሉ፤ የከፈላችሁትም እዚያው ሰፈር ይቀራል።

ጥያቄ፦ ጋንጃ ይፈቀዳል አይደል?

መልስ፦ እንደምታስቡት አይደለም። በ2015 ሕጉ ተሻሽሎ እስከ 2 አውንስ መያዝ ወንጀል መሆኑ ቀርቶ ቅጣት የሚከፈልበት ጥፋት ሆነ። ለራስታዎች ለእምነታቸው ተፈቅዷል። ይዞ አውሮፕላን መሳፈር ግን እስር ቤት ያስገባል። ሻንጣችሁን ራሳችሁ እሰሩ፣ የሰው ዕቃ አትቀበሉ።

ጥያቄ፦ ተራራ መውጣት እንወዳለን። ብሉ ማውንቴን ይከብዳል?

መልስ፦ ከፍታው 2,256 ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ ያንሳል፤ ስለዚህ አየሩ ሸገር ያደገ ሰው አያስጨንቅም። የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ጫፉ ላይ ለመድረስ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ መነሳት ያስፈልጋል፣ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ያስኬዳል። ሰማዩ ከጠራ ኩባ ትታያለች። ባትሪና ወፍራም ጃኬት ያዙ፤ ካሪቢያን ነው ብላችሁ በቲሸርት የወጣችሁ እንደሆነ ትንቀጠቀጣላችሁ።

ሲወርዱ የቡና እርሻ ማየት ነው። ቡና ጃማይካ የገባው በ1728 ነው። ዘሩ ከየመንና ከሌላ አገር ዞሮ ቢመጣም መነሻው የእኛው ምድር ነው። ብሉ ማውንቴን የሚለውን ስም መያዝ የሚችለው በተወሰኑ አውራጃዎች፣ በተወሰነ ከፍታ ላይ የበቀለ ብቻ ነው። በእንጨት በርሜል ታሽጎ ይወጣል፣ አብዛኛውን ለብዙ ዓመት የገዛችው ጃፓን ናት። አርሶ አደሩ ገደል ላይ ቆሞ የቀላውን ፍሬ ብቻ እየመረጠ ሲለቅም አይቻለሁ። ስምን በሕግ ማስጠበቅ ለገበሬው ምን እንደሚያመጣ ማየት የሚፈልግ የእኛ ቡና ነጋዴ ቢኖር እዚያ እንዲሄድ እመክረዋለሁ።

ጥያቄ፦ ዋና አልችልም። ባሕር ዳር ቁጭ ብዬ ልመለስ ነው?

መልስ፦ በጭራሽ። ሞንቴጎ ቤይ ዶክተርስ ኬቭ ቢች ግባ። መግቢያ ይከፈላል፣ ነፍስ አድን ዋናተኞች አሉ፣ ውኃው የጠራ ስለሆነ እግርህን እያየህ ትቆማለህ። በምሥራቁ ጎን፣ ፖርትላንድ አውራጃ ያለው ሎንግ ቤይ ግን ሲያዩት ቢያምርም ወደ ውስጥ የሚስብ ኃይለኛ ውኃ አለው። እዚያ አትግባ።

ጥያቄ፦ በቅርቡ ተጋብተናል። ጸጥ ያለ ቦታ እንፈልጋለን።

መልስ፦ እንኳን ደስ አላችሁ! በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ያለችው ፖርት አንቶኒዮ ለእናንተ ናት። ከሞንቴጎ ቤይ 4 ሰዓት ያህል ስለሚርቅ ከአውሮፕላን ኪንግስተን ብትወርዱ ይሻላችኋል። ፍሬንችማንስ ኮቭ ላይ ቀዝቃዛ ወንዝ ሞቃቱን ባሕር አሸዋው ላይ ይገናኘዋል። ከአንዱ ወጥታችሁ አንዱ ውስጥ ትገባላችሁ። ሪዮ ግራንዴ ላይም የቀርከሃ ታንኳ አለ፤ ድሮ ሙዝ ይጫንበት የነበረ ወንዝ ነው። ምሳችሁን ቦስተን ቤይ ላይ ጀርክ ብሉ። ፒሜንቶ በሚባል ዛፍ እንጨት ጢስ ቀስ ብሎ የሚበስል ሥጋ ነው፣ ቃሪያው ከሚጥሚጣችን አይተናነስም።

ጥያቄ፦ ሩጫ እወዳለሁ። የቦልት አገር ለእኔ ምን አላት?

መልስ፦ ከፋሲካ በፊት ባለው ሰሞን ሂድ። ኪንግስተን ብሔራዊ ስታዲየም ላይ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሻምፒዮና ይካሄዳል፣ «ቻምፕስ» ይሉታል። ከ1910 ጀምሮ ያለ ነው። ቦልትም በልጅነቱ እዚያ ሮጧል። ስታዲየሙ ጢም ብሎ ሞልቶ ለ15 ዓመት ልጅ ሲጮህ ታያለህ። አጭር ርቀት ለምን የእነሱ እንደሆነ ከዚያ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ጥያቄ፦ ብቻዬን የምጓዝ ሴት ነኝ። ያሰጋል?

መልስ፦ እህቴ፣ ብዙ ሴቶች ብቻቸውን ይሄዳሉ፤ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። መንገድ ላይ የሚያስቸግርሽ ወንድና ዕቃ ልሽጥልሽ ባይ አይጠፋም። ሰላም ብለሽ፣ አመሰግናለሁ አልፈልግም ብለሽ መንገድሽን ቀጥዪ። ዝም ብሎ ማለፍን እንደ ንቀት ያዩታል። ታክሲ ስትይዢ ታርጋው ቀይ መሆኑን እዪ፤ ሕጋዊ የሕዝብ ማመላለሻ ማለት ነው። ከከተማ ከተማ ክናትስፎርድ ኤክስፕረስ የሚባለው አውቶቡስ ምቹ ነው። ኪንግስተን ውስጥ በማታ በእግር አትዙሪ።

ጥያቄ፦ ሁሉን አጠቃሎ የሚያስከፍል ሪዞርት ወይስ ጌስት ሃውስ?

መልስ፦ ሕፃን ይዛችሁ ከሆነ ሪዞርቱ ያሳርፋል፣ አልከለክልም። ግን ሳምንቱን ሙሉ አጥር ውስጥ አትዋሉ። አብዛኛው ቱሪስት የማያውቀው ነገር አለ። በ1956 በወጣው የባሕር ዳርቻ ሕግ መሠረት ሕዝቡ የባሕር ዳርቻ ላይ የመግባት አጠቃላይ መብት የለውም። ስለዚህ ጃማይካዊው በገዛ ባሕሩ ዳር የሚቀመጥበት ቦታ እየጠበበበት ነው። ፖርት አንቶኒዮ አካባቢ ያለው ዊኒፍሬድ ቢች እስከ ዛሬ በነፃ ክፍት የሆነው ነዋሪው ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ስለተሟገተለት ነው። አንድ ቀን እዚያ ዋሉ። እዚያ ከሚሸጡት እናቶች ዓሣ ግዙ። የሰጣችሁት ገንዘብ ማን እጅ እንደገባ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ጥያቄ፦ መቼ እንሂድ? ከአውሎ ነፋሱ በኋላስ?

መልስ፦ ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል ደረቅ ነው፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ከኤፕሪል አጋማሽ በኋላ ይረክሳል። የአውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን እስከ ኖቬምበር ነው። ኦክቶበር 28 ቀን 2025 ሃሪኬን ሜሊሳ በደረጃ 5 ጉልበቱ ምዕራቡን ጎን መትቶ ብላክ ሪቨር ከተማን ክፉኛ ጎድቷል። ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ የምትሄዱ ከሆነ ማረፊያውም መጎብኛውም ክፍት መሆኑን ደውላችሁ አረጋግጡ። ክፍት ከሆነ ግን አትሽሹ። እዚያ ያለው አነስተኛ ጌስት ሃውስ የሚቆመው እንግዳ ሲመጣለት ነው።

ጥያቄ፦ ወረቀቱስ? እኔ ዱባይ ነኝ፣ እህቴ አሜሪካ፣ እናታችን አዲስ አበባ።

መልስ፦ እህትሽ የአሜሪካ ፓስፖርት ካላት ለጉብኝት ቪዛ አያስፈልጋትም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙት ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት የጃማይካን ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ጠይቁ። በአሜሪካ ወይም በለንደን በኩል የምታልፉ ከሆነ የመሸጋገሪያ ቪዛውንም አትርሱ፤ ብዙ ሰው የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። እናታችሁ ከአዲስ አበባ ስለሚነሱ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳቸውን ይያዙ። ከጉዞው 10 ቀን በፊት መከተብ አለባቸው፤ ካርዱን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ከፓስፖርታቸው ጋር በእጃቸው ይያዙት።