በሩቅ ደሴት በበጎ ፈቃድ ማገልገል፦ ጥያቄና መልስ

ጠያቂዎቹ ከልዩ ልዩ የጎጃም ከተሞች ናቸው። መላሹ የደብረ ማርቆስ የጤና ባለሙያ ሲሆን፣ ከ80 በላይ ደሴቶች ባሏት የደቡብ ፓስፊክ አገር በቫኑዋቱ፣ ከዋና ከተማዋ ከፖርት ቪላ ርቃ በምትገኝ ደሴት በበጎ ፈቃደኛነት አገልግሏል።

ከፍኖተ ሰላም፦ ነርስ ነኝ፤ ዕድሜዬ 25 ነው። አንድ ደላላ ለምዝገባ ገንዘብ ጠይቆኛል። ልክፈል?

እኅቴ፣ ምንም አትክፈይ። በጎ ፈቃደኞችን ወደ ውጭ የሚልከው የአሜሪካው ሰላም ጓድ (ፒስ ኮር) የሚመለምለው የአገሩን ዜጎች ነው። ለእኛ በሩ የተከፈተው በተባበሩት መንግሥታት የበጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም በኩል ነው፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ ጀርመን፣ ቦን ከተማ ሲሆን ለማመልከት ክፍያ አይጠይቅም፤ እንዲያውም ለተመረጠ ሰው የመኖሪያ አበልና የጤና መድን ይሰጣል። ከ18 እስከ 26 ዓመት ያሉት በወጣትነት፣ ከ27 ጀምሮ ያሉት ደግሞ ልምድ ባለው ባለሙያነት ያመለክታሉ። ማመልከቻው የሚቀርበው ለወጣ ክፍት ቦታ ስለሆነ ደሴቱን አንቺ አትመርጪም።

ከሞጣ፦ ጾምና ምግብ እንዴት ይሆናል?

የዕለት ምግባቸው ያም፣ ታሮና ካሳቫ የተባሉ ሥራ ሥሮች፣ ሙዝና ኮኮናት ስለሆነ ጿሚ አይቸገርም፤ እንጀራ ግን አይገኝም። ከባዱ ጉዳይ አሳማ ነው። በሠርግና በቀብር አሳማ ማረድ ትልቅ ክብር በመሆኑ፣ ምግቡ ከቀረበ በኋላ አልበላም ማለት አስተናጋጁን ያሳዝናል። ስለዚህ ገና በደረስኩ ሰሞን ለተቀበሉኝ አባወራ ሃይማኖቴ እንደማይፈቅድ በአክብሮት ነገርኳቸው፤ ለመንደሩ ያስረዱልኝ እሳቸው ናቸው። አብዛኛው ሕዝብ ክርስቲያን ሆኖ፣ ከመካከላቸው አሳማ የማይበሉ አድቬንቲስቶች ስላሉ ነገሩ እንግዳ አልሆነባቸውም።

ከቢቸና፦ የቢጫ ወባ ክትባት ግድ ነው?

ኢትዮጵያ በሽታው ከሚያሰጋባቸው አገሮች አንዷ በመሆኗ ብዙ አገሮች የምስክር ወረቀቱን ይጠይቁናል። ወረቀቱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተከተቡ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። በአውስትራሊያ በኩል የሚያልፍ ሰው የመተላለፊያ ቪዛውን ከትኬቱ በፊት ይጨርስ።

ከደጀን፣ አንድ መምህር፦ እውነት ለሕዝቡ ይጠቅማል ወይስ ለሄያጁ ብቻ?

ከሁሉ በላይ የማስብበት ጥያቄ ይህ ነው። በቫኑዋቱ ራቅ ባሉ መንደሮች የመጀመሪያውን እርዳታ የሚሰጠው፣ እንደ እኛ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ከመንደሩ የወጣ የጤና ሠራተኛ ነው። ከውጭ የመጣ ባለሙያ ታማሚውን ሁሉ በራሱ እጅ ሲያክም መንደሩ ይደሰታል፤ ነገር ግን ሕዝቡ በገዛ ሠራተኛው ላይ ያለውን እምነት ያጣል፤ እንግዳው ሲመለስ የሚቀረው ያ እምነት የጎደለበት ሰው ነው። እኔ የወባ ምርመራ የማደርገው የመንደሩ ሠራተኛ መርፌውን ይዞ፣ እኔ ከጎኑ ቆሜ ነበር፤ መዝገቡም በእሱ እጅ፣ በሚግባቡበት በቢስላማ ቋንቋ ይጻፍ ነበር። ሥራው በዚህ መንገድ ይዘገያል፤ መዘግየቱን ለመታገሥ ያልተዘጋጀ ሰው ባይሄድ እመርጣለሁ። ውል ከመፈረማችሁ በፊት አብሯችሁ የሚሠራው የአገሩ ሰው ማን እንደሆነ፣ እናንተ ስትወጡስ ሥራውን ማን እንደሚይዘው ጠይቁ። መልስ ካልተገኘ ቦታው ይቅርባችሁ።

ከባሕር ዳር፦ ደቅ ደሴት አጠገባችን እያለች ያን ያህል መራቅ ለምን አስፈለገ?

በእውነቱ ከደቅ መጀመሩን እደግፋለሁ። የናርጋ ሥላሴ አገር ከእኛው ጣና ላይ ናት፤ እዚያም ከባድ ሕመምተኛ ሆስፒታል ለመድረስ ሐይቁን መሻገር አለበት። በክረምት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት እዚያ የሠራ ወጣት ጀልባ መጠበቅን፣ መድኃኒት ሲያልቅ አብቃቅቶ መሥራትንና በሰው መንደር በሰው ሥርዓት መኖርን ይማራል፤ ይህም በማመልከቻው ላይ የሚጻፍ እውነተኛ ልምድ ነው። ወደ ውጭ መሄዱ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ከቡሬ፣ አንዲት እናት፦ ልጄ ሊሄድ ነው፤ ባሕሩ ያስፈራኛል።

እማማ፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው። የአውሎ ነፋሱ ወቅት በእኛ አቆጣጠር ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ፓም፣ በ2020 ደግሞ ሃሮልድ የተባሉት አውሎ ነፋሶች ቫኑዋቱን ክፉኛ ጎድተዋል። ልጅዎ ከመሄዱ በፊት ዋና ይማር፤ በውኃ ላይ የሚያንሳፍፍ የሕይወት አድን ጃኬት ሳይለብስም ጀልባ አይሳፈር። ማዕበል ሲመጣ ስልክ ለቀናት ሊቋረጥ ስለሚችል፣ የድርጅቱን ቢሮ ስልክ ቁጥር ከእሱ ተቀብለው ያስቀምጡ፤ የእርስዎንም ቁጥር ለቢሮው ያስመዝግብ።