ሥጋ ዶሮ ሣር ላይ ለምታረቡና ልትጀምሩ ላሰባችሁ፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ሆለታ አካባቢ ነኝ፣ ሥጋ ዶሮ ሣር ላይ እያዟዟርኩ ማርባት ከጀመርኩ 6 ዓመቴ ነው። የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም፣ የማወራው ሠርቼ ያየሁትን፣ ከስሬም የተማርኩትን ነው። ዛሬ እሁድ ነው፣ ቡናዬንም ጠጥቻለሁ፣ ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ እህቴ መኖ አልቻልነውም። ሣር ላይ ካደጉ የመኖ ወጪ በግማሽ ይቀንሳል ያለኝ ሰው አለ፣ እውነት ነው?

መልስ፦ ኧረ በግማሽ! እንደሱ ቢሆን እኔ አሁን ቪላ ውስጥ ነበርኩ። ዶሮ ላም አይደለችም፣ ሣር ብቻዋን በልታ ሥጋ አታወጣም። ማገጡንና ለስላሳውን ሰርዶ ትለቃቅማለች፣ ትል ትቆፍራለች፣ ይሄ ይጠቅማታል ግን ሆዷን የሚሞላው መኖው ነው። አንድ ኮብ (ቶሎ የሚያድገው ነጩ የሥጋ ዶሮ ዝርያ) 2 ኪሎ እስኪገባ 4 ኪሎ ገደማ መኖ ይበላል፣ ሜዳ ላይ ብርዱም እንቅስቃሴውም ስላለ እኔ 5 ኪሎ ብዬ ነው የምይዘው። ታዲያ ሣሩ ምን ይሠራል ካልሽ፣ ለኔ ሣሩ መኖ ሳይሆን በየቀኑ የሚቀየር ንጹህ አንሶላ ነው። ትናንት የኮሰችበት ላይ ዛሬ አትተኛም አትበላም፣ ትርፉ እሱ ነው፣ መድኃኒት የማወጣበት ብር የቀነሰልኝ በዚ ነው። መኖ እራሴ ልቀላቅል ካልሽ ደሞ በቆሎና የኑግ ፋጉሎ ብቻ አይበቃም፣ አኩሪ አተርና ፕሪሚክስ (የቫይታሚንና የማዕድን ቅልቅል) ያስፈልጋል። የሻገተ በቆሎ "ለዶሮ ይሆናል" ብለው በርካሽ ሲሸጡልሽ ጥለሽ ሂጂ፣ ሻጋታው የሚያመጣው መርዝ ጉበታቸውን ነው የሚጨርሰው።

ጥያቄ፦ ተንቀሳቃሽ ቤቱን በምን ልሥራው? መጠኑስ?

መልስ፦ የመጀመሪያውን በባሕር ዛፍ አሠራሁና ለማንሳት አራት ሰው ፈለገ፣ በየቀኑ አራት ሰው ከየት ይመጣል፣ በመጨረሻ ማገዶ ሆነ። አሁን ያለኝ ቀጭን ቱቦላሬ ነው፣ 3 ሜትር በ2 ሜትር፣ ቁመቱ እስከ ጉልበቴ ከፍ ብሎ፣ ግማሹ ጣራ ቆርቆሮ ግማሹ ሽቦ፣ ከኋላ ሁለት የአሮጌ ሳይክል ጎማ፣ ከፊት ገመድ። 40 ዶሮ ይይዛል፣ ከዛ በላይ አታጭቁ። ጠዋት ሳይበሉ ነው የምጎትተው፣ ምክንያቱም ከፊት ለፊት መኖ እንዳለ ስለሚያውቁ ራሳቸው ወደፊት ይሄዳሉ። የመጀመሪያው ሁለት ቀን ግን ግራ ይገባቸዋል፣ የኋለኛው ብረት እግራቸውን እንዳይዝ አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ እሽ እሽ ይበል። ሦስተኛው ቀን ላይ ገመዱን ሳነሳ ድምፁን ሰምተው ከፊት ይሰለፋሉ። ቦታ የለኝም የምትሉ ደሞ አስሉት፣ ከ4 ሳምንት እስከ 8 ሳምንት 28 ቀን ነው፣ በ6 ካሬ ሲባዛ 168 ካሬ ሜትር፣ በቃ ይሄው ነው። ግን የረገጡትን ቦታ ቶሎ አትመልሱባቸው፣ እኔ ቢያንስ አንድ ክረምት አሳልፈዋለሁ።

ጥያቄ፦ የአንድ ቀን ጫጩት ገዝቼ ወዲያው ሣር ላይ ላውጣ?

መልስ፦ አይሆንም ወንድሜ፣ ይሞቱብሃል። የመጀመሪያው ሳምንት 32፣ 33 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋሉ፣ ከዛ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ገደማ እየቀነስክ ትሄዳለህ። እኔ ጀርባቸው ላይ ላባ ሳይሞላ አላወጣም፣ 4 ሳምንት ገደማ፣ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ከሆነ ትንሽ እጨምራለሁ። ቴርሞሜትር ከሌለህ ጫጩቶቹን እያቸው፣ ከተደራረቡ በርዷቸዋል፣ ከመብራቱ ሸሽተው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል፣ ተበታትነው ጭጭ ካሉ ልክ ነው። መብራት መጥፋቱ አይቀርም። አንዴ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ጠፍቶ ከሰል አቀጣጥዬ አስገባሁ፣ እንዳይበርዳቸው ብዬ መስኮቱንም በሸራ ደፈንኩት፣ ንጋት ላይ ግማሹ ደርቋል፣ ብርድ እንዳይመስልህ የከሰሉ ጭስ ነው። ከዛ ወዲህ የማረገው ጀሪካን ውስጥ የፈላ ውሃ ሞልቼ በብርድ ልብስ ቁራጭ ጠቅልዬ መሃላቸው ማስቀመጥ ነው፣ ተጠግተውት ያድራሉ።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ነኝ። ኮቦቹ በ5ኛ ሳምንት ሆዳቸው እያበጠ ይሞታሉ፣ ስከፍተው ቢጫ ውሃ ነው የሚወጣው። ምን በሽታ ነው ይሄ?

መልስ፦ በሽታ አምጥተህ አይደለም፣ ከፍታው ነው። አንተ ያለህበት ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ኦክስጅኑ ሳሳ ያለ ነው፣ ኮብ ደሞ ሥጋው የሚሮጠውን ያህል ልቡና ሳንባው አይሮጡም። ልቡ ደም ወደ ሳንባ ለመግፋት ሲታገል ይደክማል፣ ውሃው ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ኩክኔው ሰማያዊ የሚልብህም ለዚ ነው። አንቲባዮቲክ ብትሰጠው ብርህን ነው የምትጨርሰው። መፍትሄው እድገቱን ማዘግየት ነው፣ ከሁለተኛ ሳምንት ጀምሮ መኖውን ማታ አንሳው፣ ቀን ብቻ ይብላ፣ ውሃ ግን አይቋረጥ። ብርድም ስለሚያባብሰው ቶሎ ሜዳ አታውጣው፣ ጫጩት ቤቱ ደሞ አይታፈን። እውነቱን ልንገርህ ካልከኝ ግን ለደብረ ብርሃን ኮብ አልመክርም፣ ሳሶ የሚባለውን ቀስ ብሎ የሚያድግ ዝርያ አርባ። 3 ወር ገደማ ይወስድብሃል ግን ቆሞ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ እትዬ ክረምት ላይ ደም የቀላቀለ ኩስ አየሁ፣ ክንፋቸውንም ጥለው ይቆማሉ።

መልስ፦ ኮክሲዲያ የሚባለው የአንጀት ተውሳክ ይመስላል ልጄ፣ በተለይ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባሉት። እንቁላሉ ከኩስ ጋር ይወጣና እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ ነው ለመያዝ የሚደርሰው፣ ስለዚ ሰጋቱራው የረጠበ ቤት ለሱ ሠርግ ነው። ዛሬውኑ አምፕሮሊየም ግዢና እሽጉ ላይ እንደተጻፈው በውሃ ስጫቸው፣ ሌላ ውሃ እንዳያገኙ። የመጠጫውን ዙሪያ እርጥብ ሰጋቱራ ጠርገሽ አውጪ፣ ሜዳ ላይ ከሆኑ ደሞ በቀን አንዴ የነበረውን ሁለቴ አንቀሳቅሺ። አደራ፣ መድኃኒት ሰጥተሽ በሦስተኛው ቀን አርደሽ እንዳትሸጪ፣ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት እዛው እሽጉ ላይ አለ።

ጥያቄ፦ ለፈንግል ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ይበቃል ይላሉ እናቴ።

መልስ፦ እናትህን አክብር ዶሮዎቹን ግን አስከትብ 😄 ነጭ ሽንኩርት አልጠላም፣ ፈንግል ግን ከገባ ቤቱን ጠርጎ ነው የሚሄደው። የኔ ልማድ በ7ኛው ቀን የፈንግሉ የአይን ጠብታ፣ በ14 ጉምቦሮ (የሌላ የዶሮ በሽታ ክትባት)፣ በ21 ላሶታ (የፈንግል ድጋሚ ክትባት) በውሃ፣ በ28 ጉምቦሮ ድጋሚ ነው፣ አንተ ጫጩት ከሸጠልህ ጋር ተነጋገር፣ እዛው የተከተቡት ነገር ይኖራል። ክትባቱ ቢሾፍቱ ነው የሚመረተው፣ ችግሩ መንገድ ላይ መሞቁ ነው፣ በረዶ ያለው ዕቃ ሳትይዝ አትሂድ። በውሃ ስትሰጥ ክሎሪን ያለበትን የቧንቧ ውሃ አትጠቀም፣ መጀመሪያ አንድ ሁለት ሰዓት አስጠማቸው፣ የበጠበጥከውን በሁለት ሰዓት ውስጥ ይጨርሱት። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሆነ ከጎረቤት ጋር ቀን ተቀጣጠሩ። ደሞ ከገበያ ያልተሸጠ ዶሮ መልሰህ ቤት አታስገባ፣ እኔ ሁለት አውራ መልሼ ነው 31 ዶሮ የቀበርኩት።

ጥያቄ፦ ጭልፊት አስቸገረኝ።

መልስ፦ ጭልፊትን ጣራው ላይ ያለው ሽቦ ይመልሰዋል። እኔን ያስለቀሰኝ ሸለምጥማጥ ነው፣ አንድ ጠዋት ስሄድ ሦስት ዶሮ ጥግ ላይ ቆመው የተኙ መስለውኝ ሳያቸው ጭንቅላት የላቸውም፣ በሰፊው ሽቦ ቀዳዳ ስቦ በልቶታል። ከታች ያለው ሽቦ ጣት የማያሾልክ ይሁን፣ መሬቱ ወጣ ገባ ከሆነ ክፍተቱን በድንጋይ ድፈን።

ጥያቄ፦ መቼ ላስገባ ገበያ እንዳገኝ?

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል፣ ስንቱ ዶሮ አሳድጎ ጾም ላይ ደርሶበት ቆሞ መኖ ይገዛል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ መኖ እየቆጠብክ ያሳደግከው ኮብ ደሞ 8 ሳምንት። ስለዚ ሰው ሥጋ ሲያቆም አንተ ጫጩት ታስገባለህ፣ ሰው ሊፈስክ ሲል ዶሮህ ደርሷል። ሁሉም ይሄን ስለሚያውቅ ጫጩት ቀድመህ እዘዝ። ለገና ጥቅምት መጨረሻ ነው። የእንቁጣጣሹ ከባድ ነው፣ ኮብ ካልክ ሜዳ የሚወጡት ነሐሴ ጭቃ ላይ ነው፣ እኔ እሱን ዙር ሳሶ አርጌ ሰኔ መጀመሪያ አስገባለሁ።

ጥያቄ፦ ኮብ ለዶሮ ወጥ አይሆንም ይሉኛል ደንበኞች፣ ይፈርሳል አሉ።

መልስ፦ ልክ ናቸው፣ ምን ይደረጋል። ዶሮ ወጥ ውስጥ 12ቱ ብልት ቅርጹን ይዞ መውጣት አለበት፣ ኮብ ከሽንኩርቱ ጋር ብዙ ከቆየ አጥንቱን ለብቻ ታወጪዋለሽ። ሽንኩርቱ በደንብ ሳይበስል አትክተቱት በያቸው። ሣር ላይ የሄደው ከቤቱ ትንሽ ጠንከር ይላል እንጂ ሐበሻ ዶሮ አይሆንም፣ አትዋሺያቸው። እኔ ኮቡን ለሆቴልና ለአሮስቶ፣ ሳሶውን ለበዓል ነው የምሸጠው፣ በተለይ ቀይ አውራ ከሆነ ነጩን ዞረውም አያዩትም።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው ያለሁት፣ ብር ልኬ ታናሽ ወንድሜ 500 ቢጀምር ያዋጣል?

መልስ፦ ወንድምህ ጠዋት 12 ሰዓት ይነሳል? እሱን መጀመሪያ ጠይቀው። በ500 አይጀመርም፣ በ40 ይጀምር፣ አንድ ቤት፣ አንድ ዙር። ስንት እንደሞተና ለምን እንደሞተ፣ ስንት ኪሎ መኖ እንደገባ ደብተር ላይ ይጻፍልህና ፎቶ ይላክልህ፣ ደብተሩ ከሌለ ሁለተኛውን ብር አትላክ።